ከኦቨርክሎክ በኋላ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ኦቨርክሎክ የተደረገ፣ ማለትም ፋብሪካው ከመደበለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ የታዘዘ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ጥፋቱ ሁሉ ወዲያው በኦቨርክሎኩ ላይ ይላከካል። ባለቤቱም፣ ጓደኞቹም፣ ብዙ ጊዜ ጠጋኙም ጭምር “ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል” ብለው ይደመድማሉ፤ ፕሮሰሰር ማለት ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ቺፕ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው ጉዳይ ይህ ድምዳሜ ምን ያህል ችኩል ሊሆን እንደሚችል ያየሁበት ስለሆነ በዝርዝር መጻፍ ይገባዋል። ኮምፒውተሩን እንዳይነሳ ያደረገው አንድ ምክንያት ነበር፤ መጀመሪያውኑ እንዲጠፋ ያደረገው ግን ሌላ። የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክሎ፣ ሒሳብ ተቀብሎ ባለቤቱን መሸኘት ይቻል ነበር። ኮምፒውተሩ ግን በሚቀጥለው የእንጀራ ቀን ተመልሶ ይጠፋ ነበር።

ባለቤቱ ከካራ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ በሰርግ ቪዲዮ አርትዖት የሚተዳደር ወጣት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የጥር ወር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያልተዳረ እስከ ፋሲካ ስለሚጠብቅ ቀረጻው ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታጨቃል። ሙሽሮቹ ደግሞ ቪዲዮውን የሚፈልጉት ከውጭ አገር የመጣው ዘመድ ሳይመለስ ነው። ወጣቱ ፍጥነት የፈለገው ለጨዋታ ወይም ለጉራ አልነበረም። አንድ የሰርግና የመልስ ቪዲዮ አጠናቅቆ ለማውጣት ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅበት ነበር። “ማን ነካካው አለህ?” ብለው ደንበኛ ላይ የሚጮኹ ጠጋኞች ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ፤ የተቆጡት ሰው እውነቱን ይደብቃል፣ እውነቱ የተደበቀበት ጠጋኝ ደግሞ በጨለማ ይዳክራል።

ኮምፒውተሩ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ)፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ እና እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት የሆኑ አራት የዲዲአር4 ራሞች (ጊዜያዊ ማኅደሮች) አሉት። ከራሞቹ ሁለቱ ኮምፒውተሩ ሲገዛ አብረው የመጡ ናቸው። ሁለቱ ቆይተው ከመርካቶ የተጨመሩ፣ የሌላ ፋብሪካ ሥሪት ናቸው። የግድግዳውን ኮረንቲ ለኮምፒውተሩ የሚመጥነው ፓወር ሰፕላይ ከሳጥኑ ጋር አብሮ የተሸጠ ሲሆን ጎኑ ላይ በትልቁ “500 ዋት” የሚል ተለጥፎበታል። በእጅ ሲያነሱት ቀላል ነው፤ ይህ ቀላልነቱ ገና ከመጀመሪያው አላስደሰተኝም።

ወጣቱ የነገረኝ እና ስልኩ ያስቀመጠው

ታሪኩን ከመነሻው እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። “ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩን ሳላቃጥለው አልቀረሁም” ብሎ ጀመረ። በቪዲዮ ያየውን መመሪያ ተከትሎ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ውስጥ፣ ሦስት ነገሮችን ለውጧል። የፕሮሰሰሩ መነሻ ፍጥነት 100 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ማባዣውን 42 ላይ አድርጎ ስድስቱም ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የስሌት ክፍሎች) በ4.2 ጊጋኸርዝ እንዲሠሩ አዘዘ። የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ 1.40 ላይ ቸነከረው። ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም መቼት አብርቶም ራሞቹን 3200 ወደሚባለው የፍጥነት ልክ ከፍ አደረጋቸው። ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ለጥቂት ቀናትም እንደተመኘው ሠራለት። ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ቪዲዮ እያወጣ ሳለ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። “መብራት ሄደ፤ ሲመለስ አልነሳም አለኝ” አለ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውም ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። ማብሪያውን ሲጫን ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ ጥቂት ቆይተው ይቆማሉ፣ እንደገና በራሳቸው ይነሳሉ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ይህን ባየ ቁጥር ማብሪያውን ይዞ ያጠፋውና እንደገና ይሞክራል። ጓደኛው በስልክ እንደመከረው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 የተባለች የሳንቲም ባትሪ አውጥቶ መልሷታል። ለውጥ አልመጣም። ተስፋ የቆረጠው ያኔ ነው።

ትልቁን ውለታ የዋለልን ግን ስልኩ ነው። ወጣቱ መቼቱን ከመቀየሩ በፊትና ከቀየረ በኋላ እያንዳንዱን የባዮስ ገጽ ፎቶ አንስቶት ነበር። ኮምፒውተር ለማስጠገን ከሚመጡ ሰዎች “ምን ነክተህ ነበር?” ሲባሉ በትክክል የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። እሱ ግን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አሳየኝ፤ ኋላ ላይ እነዚያ ፎቶዎች ባይኖሩ ኖሮ የጉዳዩ ግማሽ በግምት ይቀር ነበር።

ፋይሎቹ ይቅደሙ

ምርመራውን ከመጀመሬ በፊት ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ በጥገና ሱቄ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁትና ጥሬ ቀረጻውን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥሁ። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል፤ የሙሽራዋ እናት የመረቁበት ቀረጻ ግን በምንም አይተካም። ራሙ ወይም ፓወር ሰፕላዩ በሚጠረጠርበት ኮምፒውተር ላይ ብቸኛው ቅጂ ያለበትን ዲስክ ሰክቶ ደጋግሞ ማስነሳትና ማጥፋት ተገቢ አይደለም።

ጥሬ ቀረጻው ደኅና ነበር፤ ከካሜራው ወደ ኮምፒውተሩ የተገለበጠው ከኦቨርክሎኩ በፊት ነው። ከኦቨርክሎኩ በኋላ ተጠናቅቆ ከወጡት ቪዲዮዎች አንዱን ስንከፍት ግን ችግር አየን። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ በስክሪኑ መሐል አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ወጣቱ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ያንን ቪዲዮ ለደንበኛ ሊያስረክብ ተዘጋጅቶ ነበር። በእንዲህ ዓይነት የቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ተራ ራም የራሱን ስሕተት አያርምም፤ ፍጥነቱ ሲያቅተው አንዳንዴ ኮምፒውተሩን ሳያቆም ቁጥር አሳስቶ ያልፋል፤ የተሳሳተውም ቁጥር በዚያው ፋይሉ ላይ ይጻፋል። ኦቨርክሎክ ላይ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አልነሳም ያለ ኮምፒውተር ቢያንስ ሕመሙን ይናገራል።

መብራቶቹ ምን አሉ?

ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ ከፍተን አስነሳነው። በዚህ ማዘርቦርድ ጠርዝ ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰር)፣ ዲራም (ራም)፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ) እና ቡት (ማስነሻ) የሚል የተጻፈባቸው አራት ጥቃቅን መብራቶች አሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በየተራ ይበራሉ፤ አንዱ በርቶ ከቀረ ምርመራው እዚያ ላይ ተሰናክሏል ማለት ነው። የሲፒዩዋ መብራት በርታ ጠፋች። የዲራሟ በራች፤ በዚያው ቀረች። ከዚያ ሁሉም ነገር ጠፍቶ እንደገና ጀመረ።

ይህ ብቻውን ብዙ ይነግራል። የሲፒዩ ደረጃ ካለፈ ፕሮሰሰሩ ቢያንስ መነሻውን ትእዛዝ እየፈጸመ ነው፤ ተቃጥሏል የሚለው ግምት በጣም ተዳከመ። የቀረው የራም ጉዳይ ነው። ኮምፒውተር ሲነሳ ፕሮሰሰሩና ራሙ በምን ያህል ፍጥነትና በምን ዓይነት የጊዜ ልክ እንደሚግባቡ ይፈታተሻሉ፤ ካልተግባቡ ማዘርቦርዱ አጥፍቶ እንደገና ይሞክራል። ማራገቢያዎቹን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ይኸው ሙከራ ነው።

ታዲያ ለጥቂት ቀናት የሠራ መቼት እንዴት እምቢ አለ? የራይዘን 3000 ቤተሰብ ፕሮሰሰሮችን የሠራው ኤኤምዲ ለራም ያስቀመጠው ገደብ እንደ ራሞቹ ብዛት ይለያያል። ሁለት ራሞች ሲሰኩ እስከ 3200 ይፈቅዳል። አራት ሲሰኩ፣ ባለ አንድ ረድፍ ቺፕ ከሆኑ 2933፣ ባለ ሁለት ረድፍ ከሆኑ 2667 ነው። ወጣቱ አራት፣ ያውም ከሁለት ፋብሪካ የመጡ ራሞችን በ3200 ጭኖባቸዋል። እንዲህ ጠርዝ ላይ የቆመ መቼት አንድ ቀን ያልፋል፣ አንድ ቀን ይወድቃል። በዚያ ላይ አንዳንድ ማዘርቦርዶች በሰላም ጠፍተው ሲነሱ የቀደመውን ልክ ይዘው በአጭሩ ያልፋሉ፤ ኃይል ድንገት ከተቋረጠባቸው ግን ፍተሻውን ከሥር ይጀምራሉ። በድንገት የጠፋው ይህ ኮምፒውተርም ሲነሳ ወደቀ።

የባትሪዋ ነገር

ባትሪዋን ማውጣት መቼቱን ወደ ፋብሪካው ይመልሳል የሚለው ምክር ልክ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከግድግዳው ሶኬት ካልተነቀለ አይሠራም። ፓወር ሰፕላይ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያለም አምስት ቮልት የሚሆን የተጠባባቂ ኃይል ወደ ማዘርቦርዱ ይልካል። ያ ኃይል እስካለ ድረስ መቼቱ የተቀመጠበት ማኅደር ባትሪ ባይኖረውም ይኖራል። ወጣቱን “ገመዱን ነቅለህ ነበር?” ስለው ዝም አለ። ጓደኛው አልነገረውም፤ እሱም በምን ይወቀው?

ሁለተኛው ነገር ትዕግሥት ነው። ብዙ ማዘርቦርዶች የራም ፍተሻው ተደጋግሞ ከወደቀባቸው በራሳቸው ወደ ዝቅተኛው መቼት ይመለሳሉ። ወጣቱ ግን ማራገቢያዎቹ በቆሙ ቁጥር ማብሪያውን እየተጫነ ሙከራውን ከመሐል ያቋርጠው ነበር።

ስለዚህ በደንቡ አደረግነው። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልን። በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያውን ተጭነን ያዝን። ባትሪዋን አወጣን፤ ማዘርቦርዱ ላይ መቼት ለማጥፋት የተዘጋጁትን ሁለት የብረት እሾሆች በካቻቢቴ ጫፍ ለጥቂት ሰከንዶች አገናኘናቸው። አራቱንም ራሞች ነቅለን ከዋናዎቹ አንዱን ብቻ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛ በሆነው ማስገቢያ ሰካነው፤ አራት ማስገቢያ ባላቸው በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች መጀመሪያ የሚመረጠው እሱ ነው። ባትሪዋን መልሰን አስነሳነው። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ የዲራሟ መብራት በራች፣ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቆየ። የወጣቱ እጅ ወደ ማብሪያው ሲሄድ አየሁና “ተወው” አልኩት። ትንሽ እንደቆየ መብራቷ ጠፋች፤ ስክሪኑ ላይም መቼቱ ወደ ነበረበት እንደተመለሰ የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል፤ ይህ መቼቱ በእውነት እንደጠፋ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ወጣቱ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ሳቀ።

ቀሪዎቹን ራሞች በየተራ ጨመርናቸው። ሁሉም ይሠራሉ። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭነን፣ አራቱን ራሞች 3200 ላይ አድርገን ስናስፈትሽ፣ መነሳት በቻለበት ጊዜ በርካታ ስሕተት አወጣ፤ 2666 ላይ ሌሊቱን ሙሉ አድሮ አንድም ስሕተት አላሳየም። ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስል ነበር።

“መብራት መች ሄደ?”

ልቤ ያላረፈው በአንድ ነገር ነው። የራሙ መቼት ኮምፒውተሩ ለምን እንዳልነሳ አስረዳን፤ ለምን እንደጠፋ ግን መብራት ሄዷል ከሚለው ግምት በቀር ምንም አልነበረንም። በፋብሪካው መቼት ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን አንድ ላይ ሙሉ ሥራ አስጀምሬ በፕሮሰሰሩ የኃይል ገመድ ላይ መልቲሜትር የተባለውን የቮልት መለኪያ አኖርሁ። ቢጫው ገመድ 12 ቮልት መስጠት አለበት። ኤቲኤክስ የሚባለው የፓወር ሰፕላይ ደረጃ ከዚያ በአምስት በመቶ ዝቅ ወይም ከፍ እንዲል ይፈቅዳል፤ ማለትም ከ11.4 እስከ 12.6። የእኛው 11.45 ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። አልጠፋም። ይሠራል። ግን ከወለሉ በጸጉር ስንጥቅ ነው የሚበልጠው፤ ያውም ሱቁ ያለበት አካባቢ ኮረንቲ ደኅና በሆነበት ሰዓት።

ኮምፒውተሩን ይዘን ወደ ቤቱ ሄድን። ግቢው ውስጥ ዋናው ቤት፣ ለተከራዮች የተሠሩ ክፍሎችና ማድ ቤት አሉ፤ ሁሉም የሚጠቀሙት በአንድ ቆጣሪ ነው። የወጣቱ ክፍል ከኋላ በኩል ሲሆን ኮረንቲ የሚያገኘው ከማድ ቤቱ ተቀጥሎ በመጣ ቀጭን ገመድ ነው። እናቱ ቡና አቅርበው “ምን ሆኖ ነው ልጄ እንዲህ የተጨነቀው?” ሲሉ ጠየቁኝ። መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደተበላሸ ነገርኳቸው። “መብራት? በዚያን ቀን መብራት መች ሄደ! እኔ እንጀራ እየጋገርኩ አልነበር እንዴ?” አሉ።

ወጣቱም እኔም ዝም አልን። ቀን ስለነበር የክፍሉ አምፖል አልበራም፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ነበር፤ ስክሪኑ ሲጨልም መብራት ሄደ ብሎ ማሰቡ በእኛ ሰፈር የማንም ሰው የመጀመሪያ ግምት ነው። ኮምፒውተሩ ግን የጠፋው ብቻውን ነው።

“እትዬ፣ ምጣዱን እስቲ ይለኩሱልኝ” አልኳቸው። በኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ መልቲሜትር ሰክቼ ቆምሁ። ምጣዱ ሳይለኮስ 214 ቮልት ነበር። ሲለኮስ 187 ላይ ወረደ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው፤ ያን ያህል ኃይል በቀጭንና ረጅም ገመድ ሲያልፍ፣ ጎረቤት ቧንቧ ሲከፍት የእኛው ውኃ እንደሚቀጥን ሁሉ፣ ከዚያው መስመር ለተቀጠለው ክፍል የሚተርፈው ቮልቴጅ ይቀንሳል። የፓወር ሰፕላዩን መለያ ገልብጠን ስናነብ ደግሞ በትንንሽ ቁጥር “ግቤት ከ200 እስከ 240 ቮልት” ይላል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ኮምፒውተሩ የሚሠራው ፋብሪካው ራሱ ከፈቀደለት በታች በሆነ ኮረንቲ ነበር ማለት ነው።

500 ዋት የተባለው ስንት ነው?

በዚያው መለያ ላይ ከትልቁ ቁጥር ይልቅ መነበብ ያለበት የ12 ቮልቱ መስመር አምፔር ነው። የዛሬ ኮምፒውተር ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከእሱ ነው። 25 አምፔር ይላል። 25 በ12 ሲባዛ 300 ዋት። የቀረው 200 ዋት ለዚህ ኮምፒውተር ብዙም የማይጠቅሙ ሌሎች መስመሮች ላይ የተደመረ ነው።

አሁን ኦቨርክሎኩ ምን እንደጨመረ እናስላ። የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ያድጋል። በፋብሪካው መቼት ስድስቱም ኮሮች ሲሠሩ የለካሁት 4 ጊጋኸርዝ ገደማ በ1.25 ቮልት ነው። ወጣቱ 4.2 በ1.40 አደረገው። ፍጥነቱ በ5 በመቶ አደገ፤ የቮልቴጁ ካሬ ግን በ25 በመቶ። ሁለቱ ሲባዙ ፍጆታው በ32 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለ5 በመቶ ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ኃይል! ይህ ፕሮሰሰር በፋብሪካው ገደብ እስከ 88 ዋት ይስባል፤ በአዲሱ መቼት 116 አካባቢ ይደርሳል፤ ማዘርቦርዱ ቮልቴጁን ሲቀይር የሚያባክነው ሲታከልበት 130። ግራፊክስ ካርዱ 125 ነው። ዲስኮቹ፣ ራሞቹና ማራገቢያዎቹ ሲደመሩ ሦስት መቶው ሞላ። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ የመሳብ ጠባይ አለው።

ግምት ሆኖ እንዳይቀር ሱቅ ተመልሰን የወጣቱን የፕሮሰሰር መቼት ከስልኩ ፎቶ አይተን መልሰን አስገባነው፤ ራሙን ብቻ 2666 ላይ ተውነው። ሙሉ ሥራ ስናስጀምረው ቢጫው ገመድ ወደ 11.2 ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ልክ በዚያን ቀን እንደሆነው። ጭነቱን የሚችል ሌላ ፓወር ሰፕላይ ከሱቁ አውጥተን በዚያው መቼት ስንደግመው አልጠፋም። ኦቨርክሎኩ ፕሮሰሰሩን አላቃጠለም፤ ቀድሞ ደክሞ የነበረውን ፓወር ሰፕላይ ጫፍ ላይ አድርሶ ምጣዱ ገፋው።

ሌላው ይህ ጉዳይ ያሳየኝ ነገር ከቪዲዮ የተወሰደ መቼት አገር እንደሚለይ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ አንድ ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር በካርቶን የሚመጣው ትንሽ ማቀዝቀዣ በወጣቱ መቼት የፕሮሰሰሩ የመጨረሻ ገደብ ወደሆነው 95 ዲግሪ ተጠግቶ ነበር። የማቀዝቀዣው ክንፎች መሐል የኮረኮንች መንገዱ አቧራ ተጋግሯል፤ እሱን ጠርገን ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ተርማል ፔስት ቀየርን።

ከዚያ የተደረገው

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ተገዛ፤ 550 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ (ኃይል ያለማባከን ደረጃ)፣ 12 ቮልቱ መስመር ላይ ከ40 አምፔር በላይ ያለው፣ ግቤቱም ከ100 እስከ 240 ቮልት የሆነ። የመጨረሻው ቁጥር ለእኛ አካባቢ ከዋቱ ባልተናነሰ ይጠቅማል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ለወጣቱ ክፍል ከቆጣሪው አጠገብ በቀጥታ የሚነሳ ወፍራም መስመር የራሱ ብሬከር ያለው ተዘረጋ። ይህ ለኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም፤ በቀጭን ገመድ ላይ ምጣድ መጋገር ገመዱን ያሞቃል፣ ገመድ ሲግል ደግሞ የሚከተለው እሳት ነው። ስለዚህ የማድ ቤቱም ገመድ አብሮ እንዲቀየር እናቱን ለመንኳቸው፤ ተቀየረ።

ወጣቱ የፈለገው ፍጥነት ግን ገና አልተመለሰለትም። ፕሮሰሰሩን ወደ ፋብሪካው መቼት መለስነው፤ ራሙን 2666 ላይ ተውነው። ከዚያ የአርትዖት ፕሮግራሙን ከፍተን የማውጫ መቼቱን ስናይ ቪዲዮውን የሚያጠናቅቀው በፕሮሰሰሩ ብቻ እንደሆነ አገኘን። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ቪዲዮ ለመጭመቅ ብቻ የተሠራ ክፍል በውስጡ አለው፤ ተዘግቶ ቁጭ ብሏል። አበራነው። ሌሊቱን ይፈጅ የነበረው ሥራ ከእራት በኋላ ተጀምሮ ከመኝታ በፊት ያልቅ ጀመር። ከባድ ቀረጻዎችን ለአርትዖት ጊዜ ብቻ በቀላል ቅጂ መተካትንም አሳየሁት። በ5 በመቶ ምክንያት ይህን ሁሉ መከራ ያየ ልጅ መፍትሔው አንድ ምልክት ማድረጊያ ላይ እንደነበረ ሲያውቅ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ከኦቨርክሎኩ በኋላ የወጡትን ቪዲዮዎች ሁሉ፣ አረንጓዴ የታየበትንም ያልታየበትንም፣ ከጥሬ ቀረጻው እንደ አዲስ አወጣቸው።

የመጨረሻው ሙከራ የተደረገው በእንጀራ ቀን ነው። እናቱ ምጣዱን ለኩሰው ሲጋግሩ ወጣቱ ሙሉ ቪዲዮ እያወጣ ነበር። በአዲሱ መስመር ሶኬቱ 209 ቮልት፣ ቢጫው ገመድ 12.04 አሳየ፤ እስከ መጨረሻው እንጀራ ድረስም አልተናነቀም።

ያልተደረገ አንድ ነገር ቀርቷል። ጓደኞቹ ባዮሱ ወደ አዲሱ እትም ቢሻሻል ራሞቹ የተሻለ ይግባባሉ ብለው መክረውታል፤ ምክሩ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ባዮስ እየተጻፈ ሳለ ኮረንቲ ቢቋረጥ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፤ መብራት በማንኛውም ሰዓት በሚሄድበት ሰፈር ይህን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) መሞከር አልፈቀድሁለትም። ዩፒኤስ የሚገዛው የሚያዝያ ሰርጎች ሒሳብ ሲገባ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተሩ ባለው ባዮስ ይሠራል።